ዘንገናን የቆፈረው ምንድን ነው? ሜትሮራይት የመታው ድንጋይ ማዕድኑ እንዴት ይለወጣል

ከእንጅባራ ወደ ቡሬ የሚሄድ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ዘንገና ሐይቅን ያገኛል። ሐይቁ ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ዙሪያውን ደን የለበሰ ገደል ከቦታል፤ ጥልቀቱም ከ160 ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ያለ ጉድጓድ ያየ ሰው ከሰማይ የወደቀ ነገር የቆፈረው ቢመስለው አይፈረድበትም። አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት የብረት ሜትሮራይት የቆፈረው ጉድጓድ ስፋቱ 1.2 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 170 ሜትር ነው፤ የዘንገና እኩያ ማለት ነው።

ዘንገና ግን የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ወደ ላይ ይወጣ የነበረ ቅልጥ አለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ሆነ፤ እንፋሎቱም መሬቱን ፈንቅሎ ጉድጓዱን ከፈተው። በአንከሻ በኩል ያለው ጥርባ ሐይቅም እንዲሁ ነው። የሁለቱን ዓይነት ጉድጓዶች በቅርጽ ብቻ መለየት አይቻልም። ልዩነቱ የሚታወቀው ድንጋዩ ውስጥ ካለው ማዕድን ነው።

ሜትሮራይት የመታው ድንጋይ ሁለት ጊዜ ይለወጣል። መጀመሪያ በግፊት፣ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ። ቀጥሎ ደግሞ በፍል ውሃ፣ ለሺህ ዓመታት፤ ጉድጓዱ ትልቅ ከሆነም ለመቶ ሺዎች ዓመታትና ከዚያም በላይ። ብዙ ጊዜ የሚደበላለቁት እነዚህ ሁለት ለውጦች ናቸው። መደበላለቃቸው ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል፤ የመጀመሪያው ለውጥ ማስረጃ ይሆናል፣ ሁለተኛው ግን ብቻውን አይሆንም።

በመጀመሪያዋ ሰከንድ ምን ይሆናል?

ከጠፈር የሚመጣ አካል ከምድር ጋር ሲገናኝ ፍጥነቱ ቢያንስ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር ነው። ብዙዎቹ ከ17 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ይመጣሉ። በዚህ ፍጥነት ከባሕር ዳር ተነስቶ ደጀን ለመድረስ፣ በቀጥታ መስመር፣ አሥር ሰከንድ ያህል ይበቃል። ትናንሾቹን አየሩ ያዘገያቸዋል፤ ብዙ አሥር ሜትር ስፋት ያለውን ብረት ግን እምብዛም አያቆመውም። ያ ሁሉ ጉልበት መሬት ሲነካ የግጭት ሞገድ ሆኖ አለቱን ሰንጥቆ ያልፋል።

ግፊቱ በጊጋፓስካል ይለካል። አንድ ጊጋፓስካል የአየር ግፊትን 10,000 እጥፍ ያህል ነው። ከእግራችን በታች 30 ኪሎ ሜትር ብንወርድ እንኳ የምናገኘው ግፊት አንድ ጊጋፓስካል አይሞላም፤ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የሚፈጥረው ደግሞ ከዚያም በጣም ያነሰ ነው። ሜትሮራይት ግን በአሥሮች የሚቆጠር ጊጋፓስካል በአንድ ቅጽበት ይጭናል፤ ከዚያም ወዲያው ይለቃል። ሌላ የምድር ገጽ የተፈጥሮ ክስተት ይህን ማድረግ አይችልም።

ለውጡ በደረጃ ይሄዳል። ከ2 ጊጋፓስካል ጀምሮ ድንጋዩ በሾጣጣ ቅርጽ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ፊት ላይም ከሾጣጣው ጫፍ ወደ ታች እየተዘረጋ የሚሄድ ጭረት ይታያል። ያለ ማይክሮስኮፕ፣ በዓይን ብቻ ሊታመን የሚችለው ምልክት ይህ ነው። ከ10 ጊጋፓስካል በላይ የኳርትዝ (የተራ አሸዋ ዋና ማዕድን) ክሪስታል ውስጥ ቀጥ ያሉ፣ እርስ በርሳቸው ትይዩ የሆኑ ቀጫጭን መስመሮች ይፈጠራሉ። 35 አካባቢ ሲደርስ ኳርትዙ ሳይቀልጥ መስታወት ይሆናል፤ ውጫዊ ቅርጹ እንዳለ ይቀመጣል፣ ውስጡ ያለው የአተሞች ሥርዓት ግን ይፈርሳል። ከ50 እና 60 በላይ አለቱ ይቀልጣል፤ ከ100 በላይ ይተናል።

ከዚህ በተጨማሪ አዲስ ማዕድን ይወለዳል። ኳርትዝ ተጨምቆ ኮሳይት እና ስቲሾቫይት ወደሚባሉ እጅግ የታመቁ ማዕድናት ይለወጣል። ኮሳይት በተፈጥሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1960 በዚያው በአሪዞናው ጉድጓድ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ጀርመን ውስጥ ሪስ በሚባለው 24 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ጉድጓድም ተገኘ፤ እስከዚያ ድረስ ሪስ እሳተ ገሞራ ነው ይባል ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ያለችው የኖርድሊንገን ከተማ ትልቁን ቤተ ክርስቲያኗን የሠራችው ግጭቱ ባቀለጠውና ባደባለቀው ድንጋይ ነው፤ ግንበኞቹ ግን ያንን የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም። ሩሲያ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ፖፒጋይ ደግሞ በድንጋዩ ውስጥ የነበረው ግራፋይት በቅጽበት አልማዝ ሆኗል።

ጎጃም ላይ ቢወድቅ ኳርትዝ ይገኛል?

ደጋው ላይ አይገኝም ማለት ይቻላል። የጎጃም ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየፈሰሰ የተነባበረ ባሳልት ነው፤ ጥቁር ድንጋይ የምንለው። ጮቄ ራሱ ከዚያ በኋላ በላዩ የተቆለለ እሳተ ገሞራ ነው። ባሳልት በተፈጥሮው ኳርትዝ የለውም፤ የተሠራው በዋናነት ፌልድስፓር፣ ፓይሮክሲን እና ኦሊቪን ከሚባሉ ማዕድናት ነው። ስለዚህ በባሳልት ላይ የሚፈለገው ሌላ ምስክር ነው፤ ማስከሊናይት ይባላል። ማስከሊናይት ከ25 እስከ 45 ጊጋፓስካል ባለው ግፊት፣ ሳይቀልጥ መስታወት የሆነ ፌልድስፓር ነው።

ለዚህ የሚሆነን ዋና ምሳሌ ሕንድ አገር፣ ማሃራሽትራ ውስጥ ያለው የሎናር ሐይቅ ነው። ስፋቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ የተቆፈረውም እንደ ጎጃም ባለ፣ ከ66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የባሳልት ንብርብር ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1973 ማስከሊናይት መገኘቱ ሲታተም ነገሩ ለየለት። የዘንገና ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። በዘንገና አካባቢ የሚገኘው በንብርብር የተቀመጠ አመድና በግንባታ ሥራ ሬድ አሽ የሚባለው ዓይነት ቀዳዳማ ድንጋይ ነው፤ ሁለቱም የእሳተ ገሞራ ምርቶች ናቸው።

ግጭቱ ካበቃ በኋላ ድንጋዩ ለምን መለወጡን ይቀጥላል?

ሙቀት ስለሚተርፈው ነው። ሙቀቱ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከቀለጠው አለት፣ ሞገዱ ካጋለው ነገር ግን ካልቀለጠው አለት፣ እንዲሁም ጉድጓዱ ሲከፈት ከጥልቅ ወደ ላይ ከተገፋው ትኩስ አለት። በዚህ ላይ አካባቢው ሁሉ ተሰባብሯል፤ ዝናብ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ወይም ጉድጓዱን የሞላው ሐይቅ በስንጥቁ ይወርዳል፣ ይሞቃል፣ ቀሎ ይወጣል፣ ቀዝቅዞ ደግሞ ይወርዳል። ሰው ሠራሽ ያልሆነ የፍል ውሃ ዑደት ተፈጠረ ማለት ነው።

ዑደቱ ስንት ጊዜ ይቆያል የሚለው በመጠን ይወሰናል። እንጀራ ተጋግሮ እሳቱ ከወጣ በኋላ ወፍራሙ ምጣድ ከስሱ ይልቅ ሙቀቱን እንደሚያቆይ፣ ትልቅ ጉድጓድም ከትንሹ በብዙ እጥፍ ዘግይቶ ይበርዳል። ኢስቶኒያ ውስጥ ባለው 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ካርድላ ሙቀቱ የቆየው ጥቂት ሺህ ዓመት እንደሆነ ተሰልቷል። በሜክሲኮ ቺክሹሉብ፣ 66 ሚሊዮን ዓመት ባስቆጠረውና ስፋቱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር በሚሆነው ጉድጓድ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው ቁፋሮ የወጣው ናሙና እንዳሳየው ውሃው መጀመሪያ ላይ ከ300 እስከ 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበረ፤ ሥርዓቱም ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሳይቆይ አልቀረም። ውሃ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ግፊት ስለሚጫነው፣ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ ለዚህ ነው 300 ዲግሪ ደርሶም ድንጋዩን እያጠበ የሚዞረው።

የትኛው ማዕድን ቀድሞ ይሸነፋል?

መስታወት። በግጭት የተፈጠረ መስታወት ሥርዓት የሌለው፣ በችኮላ የጠነከረ ነገር ስለሆነ ውሃ ሲያገኘው ቶሎ ይፈርሳል። ከመስታወቱ ቀጥሎ ኦሊቪን ይሄዳል፤ ፌልድስፓርና ፓይሮክሲን ዘግይተው ይከተላሉ፤ ኳርትዝ ካለ መጨረሻ ድረስ ይቆማል።

ትኩሱ ውሃ ከነዚህ ውስጥ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም፣ ሲሊካና ብረት ያሟሟል፤ ሌላ ቦታ፣ ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ በሌላ ማዕድን መልክ ያስቀምጣል። ምን እንደሚቀመጥ የሚወስነው በይበልጥ ሙቀቱ ነው። ከ300 ዲግሪ በላይ ሲሆን የቀድሞው ፌልድስፓር በፖታሲየም ወይም በሶዲየም የበለጸገ ሌላ ፌልድስፓር ይሆናል። ከ300 ወደ 100 ሲወርድ አረንጓዴው ክሎራይት፣ ሸክላ ማዕድናትና ዚዮላይት (በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውሃ የሚይዝ ማዕድን) ይመጣሉ። ከ100 በታች ካልሳይት፣ ጀሶና የብረት ዝገት ስንጥቁን ይሸፍናሉ። ሎናር ውስጥ ዋናው ውጤት ሳፖናይት የሚባል በማግኒዚየም የበለጸገ ሸክላ ነው፤ የተፈጠረበት ሙቀትም ከ130 እስከ 200 ዲግሪ ይገመታል።

አንድ ስንጥቅ ተሰብሮ ሲታይ ይህ ታሪክ በቅደም ተከተል ይነበባል። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው ሽፋን መጀመሪያ፣ በከፍተኛ ሙቀት የተቀመጠው ነው፤ ወደ መሐል በተጠጋ ቁጥር እየቀዘቀዘ የመጣው ውሃ ያስቀመጠው ይሆናል። መሐሉ ላይ ነጭ ካልሳይት፣ ከሱ ውጭ ዚዮላይት፣ ከግድግዳው ጋር አረንጓዴ ሸክላ ከታየ ውሃው እየበረደ መምጣቱን ያሳያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ወይም ሸክላው ካልሳይቱን ቆርጦ ካለፈ፣ በኋላ ሌላ ውሃ መጥቷል ማለት ነው፤ ያንን ከግጭቱ ጋር ማያያዝ ያሳስታል።

ሥርዓቱ የሚቆመውም ሙቀቱ ሲያልቅ ብቻ አይደለም። ሸክላና ዚዮላይት ከተተኩት ማዕድን የበለጠ ቦታ ይይዛሉ። ስለዚህ ውሃው የሚመላለስበትን ስንጥቅ ራሱ ያስቀመጠው ማዕድን ቀስ በቀስ ይደፍነዋል። አንዳንድ ጉድጓድ ላይ ከታች ገና ትኩስ ሆኖ ሳለ ከላይ ዑደቱ የሚቋረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሸክላና ዚዮላይት እኛ ጋ ሞልቶ የለም እንዴ?

ሞልቷል፤ ዋናው ማደናገሪያም እዚህ ላይ ነው። የጎጃም ዋልካ አፈር ሲረጥብ የሚያብጠው፣ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚሠራው ስሜክታይት የሚባል ሸክላ ስለበዛበት ነው። (በዋልካ ላይ ቤት ሠርቶ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ሰው ይህን ማዕድን በሚገባ ያውቀዋል።) ሳፖናይት የዚያው የስሜክታይት ቤተሰብ አባል ነው። ባሳልት ሲሰበር በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚታየው ነጭ ነገርም ብዙ ጊዜ ዚዮላይት ወይም ካልሳይት ነው፤ ያንን ያስቀመጠው ባሳልቱ ሲቀበር ያለፈበት ተራ ሙቅ ውሃ ነው።

ስለዚህ አንድ ክብ ሸለቆ ውስጥ ሸክላ፣ ዚዮላይትና ክሎራይት መገኘቱ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙቅ ውሃ በዚያ አልፏል። ያ ውሃ በማግማ ይሙቅ፣ በመቀበር ይሙቅ ወይም በሜትሮራይት ይሙቅ ሸክላው አይነግረንም። ግጭት ነበር ለማለት ማስከሊናይት፣ ኳርትዝ ላይ ያሉ መስመሮች፣ ኮሳይት ወይም ሾጣጣ ስንጥቅ የግድ ያስፈልጋል። ግጭቱ በዚህ ከተረጋገጠ በኋላ ነው ሸክላው ጠቃሚ የሚሆነው፤ ምን ያህል እንደሞቀ፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ምን ዓይነት ውሃ እንደነበረ ይነግረናል።

በማርስ ላይ ያለው ክርክርም ይኸው ነው። ኪውሪዮሲቲ የተባለው የናሳ ተሽከርካሪ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2012 ባረፈበት የጌል ጉድጓድና ሌላው ሮቦት ፐርሰቪራንስ በ2021 ባረፈበት የጄዜሮ ጉድጓድ ሸክላ አለ። በአጠቃላይ በማርስ ጉድጓዶች ውስጥ የሚታየው ሸክላ ግጭቱ ራሱ የፈጠረው ነው፣ ከሥር ቀድሞ የነበረውን ግጭቱ አውጥቶት ነው፣ ወይስ በኋላ ሐይቅ ያመጣው ነው የሚለው በየጉድጓዱ ለየብቻ መታየት አለበት።

የዓባይ በረሃ ቢመታስ?

ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ሲወረድ ባሳልቱ ያልቅና የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጀሶ፣ ከዚያም አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። እዚያ ላይ ቢወድቅ ነገሩ ሌላ ነው። አሸዋ ድንጋዩ ኳርትዝ ስላለው መስመሮቹን ይይዛል፤ ደቃቁ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ሾጣጣ ስንጥቅን ከሁሉ አሳምሮ ያሳያል። ይሁን እንጂ የኖራ ድንጋይ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ጀሶ ደግሞ ውሃውን ቀጥሎም የሰልፈር ጋዝ ይለቃል። ቺክሹሉብ ላይ የተመታው እንዲህ ያለ፣ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ንብርብር ነበር። ወደ ሰማይ የወጣው ሰልፈር ፀሐይን መጋረዱ ዳይኖሰሮችን ላጠፋው ቅዝቃዜ ዋና ምክንያት ተደርጎ ይቆጠራል።

ላቦራቶሪ ውስጥ እንዴት ይለያል?

መጀመሪያ ድንጋዩ ተቆርጦ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ 0.03 ሚሊ ሜትር እስኪቀር ድረስ ይፋቃል። ሸክላ ወይም ጀሶ ያለበት ናሙና በውሃ ከተቆረጠ ሸክላው አብጦ ይፈረካከሳል፣ ጀሶውም ይሟሟል፤ ስለዚህ ቀድሞ ኢፖክሲ የሚባል የሚጠነክር ሙጫ እንዲጠጣ ይደረግና በዘይት ወይም በነጭ ጋዝ ይቆረጣል። ከዚያ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ይታያል። የኳርትዙ መስመሮች እውነተኛ ከሆኑ ቀጥ ያሉ፣ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ አቅጣጫ የተደረደሩ፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከ2 እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ብቻ የሆኑ ናቸው። ተራራ ሲገፋ የሚፈጠሩት መስመሮች ግን ወፍራሞች፣ ጎበጥ ያሉና ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ናቸው።

ማስከሊናይት በቀጥተኛ ማዕዘን በተቆላለፉ ሁለት የፖላራይዝድ ማጣሪያዎች መካከል ሲታይ እስከ ጨለማ ድረስ ይጠቁራል። ችግሩ ተራ የእሳተ ገሞራ መስታወትም ይጠቁራል፤ ሲፋቅ ድንጋዩ ተነቅሎ በኢፖክሲ የተሞላ ቀዳዳም ይጠቁራል። መለያው ቅርጽ ነው፦ ማስከሊናይት የፌልድስፓሩን ቀጥ ያለ ጠርዝ እንደያዘ ይቀራል፤ የመፍሰስ ምልክትም አረፋም የለውም።

ለሸክላው የሚያገለግለው የኤክስሬይ መሣሪያ ነው። ናሙናው በቀስታ ይደቃል፤ በኃይል ከተፈጨ ክሪስታሉ ይበላሻል። በውሃ ተበጥብጦ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ 3 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያህል ከተቀመጠ በኋላ ከላይ ያለው 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ይቀዳል፤ በዚያ ውስጥ የቀረው ከ2 ማይክሮን የደቀቀው ሸክላ ብቻ ነው። ካልሳይት በዝቶ ሸክላው እየተቋጠረ ቶሎ ከዘቀጠ በቀላል አሲድ ይጠራል፤ ጠንካራ አሲድ ግን ዚዮላይቱንና ሳፖናይቱን አብሮ ይበላል። ማድረቂያውም ከ60 ዲግሪ ማለፍ የለበትም። ከዚያ ሦስት ጊዜ ይነበባል፦ እንዲሁ ደርቆ፣ በኢትሊን ግላይኮል ተን ካበጠ በኋላ፣ 550 ዲግሪ ከጋለ በኋላ። የክሪስታሉ ንብርብር ርቀት ከ15 አንግስትሮም (የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮንኛ) ወደ 17 ካደገና ሲግል ወደ 10 ከወረደ ስሜክታይት ነው። በ14 ላይ ሳይነቃነቅ ከቀረ ክሎራይት ነው። ከስሜክታይቶቹ ውስጥ ደግሞ፣ ክሪስታሉ በሌላ አቅጣጫ ሲለካ፣ 1.54 አንግስትሮም አካባቢ የሚያነብበው ሳፖናይት ሲሆን ወደ ሙቅ ውሃ ያመለክታል፤ ወደ 1.50 የሚጠጋው ግን ብዙ ጊዜ እንደ ዋልካ በዝናብና በአየር የመበስበስ ውጤት ነው።

ዕድሜው ላይስ ለምን አይስማሙም?

አለት ውስጥ ካለው ፖታሲየም ጥቂቱ ቀስ በቀስ አርጎን ወደሚባል ጋዝ ይለወጣል፤ የተጠራቀመው አርጎን ተለክቶ ዕድሜ ይሰላል። ስሌቱ እንዲሠራ ግጭቱ የድሮውን አርጎን በሙሉ ማባረር አለበት። ካላባረረ ዕድሜው ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። በሌላ በኩል መስታወቱ ወደ ሸክላ ከተለወጠ አርጎኑ ያመልጣል፣ ዕድሜውም ያንሳል። ሎናር ላይ አንዱ ዘዴ 50,000 ዓመት ገደማ ሲል ሌላው ከ500,000 በላይ ይላል። ለዚህ ነው ለዕድሜ የሚላክ ናሙና በማይክሮስኮፕ ሥር አንድ በአንድ ተመርጦ፣ ሸክላ የነካው ቅንጣት ተለቅሞ የሚጣለው።

ጉድጓዱ ተሸርሽሮ ከጠፋስ?

መጀመሪያ የሚጠፋው ዳርቻው ነው፤ ቀጥሎ ሸክላውና መስታወቱ። የዓባይ ገባሮች ደጋውን እንዴት እንደቆረጡት ያየ ሰው በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ምን ሊጠፋ እንደሚችል መገመት አያቅተውም። ዚርኮን የሚባለው ጥቃቅን ማዕድን ግን አይሟሟም፣ በቀላሉም አይፈጭም። በግጭት የተመታ ዚርኮን ውስጡ መስመር ይይዛል፤ ከ1,670 ዲግሪ በላይ ከጋለ ደግሞ ባደሌይት ወደሚባል ማዕድንና ወደ ሲሊካ ይከፈላል። በደቡብ አፍሪካ፣ 2 ቢሊዮን ዓመት ካስቆጠረው የፍሬደፎርት የግጭት ጉድጓድ የወጡ እንዲህ ያሉ ቅንጣቶች ዛሬም በቫል ወንዝ አሸዋ ውስጥ ይገኛሉ። የጎጃም ባሳልት ዚርኮን እምብዛም ስለሌለው እዚህ መፈለግ ያለበት አሸዋ ድንጋዩን ቆርጠው በሚያልፉ ወንዞች ነው። ዚርኮን ከኳርትዝ በአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ከወንዙ መታጠፊያ ውስጠኛ ዳርና ከትልልቅ ቋጥኝ ጀርባ ይጠራቀማል፤ ወርቅ በሚታጠብበት ሳህን ታጥቦ ከሥር ከሚቀረው ጥቁር አሸዋ ጋር ይገኛል። ከዚያ ማግኔት የሚስበው ተነሥቶ የቀረው ወደ ማይክሮስኮፕ ይሄዳል።